ባለ እጅ ሲጠፋ

ልጆች፣ ከአፉላ የኢንዱስትሪ ቀጠና ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትመለከቱ የጊልቦዓ ተራራ ይታያችኋል። ሳኦልና ልጁ ዮናታን የወደቁበት ተራራ ነው። ስለ እነሱ ዘመን በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ የተጻፈ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው አንብቦት ያልፋል፤ እኔ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆንኩ ማለፍ አልሆነልኝም። በዚያ ጊዜ በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት የሚሠራ ሰው አልነበረም ይላል። ፍልስጥኤማውያን፣ ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ብለው ሙያውን ከልክለዋቸው ነበር። ስለዚህ ገበሬው ማረሻውንና መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጠላቱ አገር ይወርዳል፣ ከፍሎ አስሎ ይመለሳል። ጦርነቱ በመጣ ቀን ሰይፍና ጦር የተገኘው በሳኦልና በዮናታን እጅ ብቻ ነበር።

ዛሬም በዚሁ ሸለቆ ጥያቄው እሱ ነው። በከተማው ውስጥ ባለው የፋብሪካ ሰፈርም ሆነ በስተ ምሥራቅ ባለው በአሎን ታቦር የኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽኑ አለ፣ ትዕዛዙ አለ፣ ብረቱ በጭነት መኪና ይገባል፤ የጎደለው የሚሠራው ሰው ነው። «ድሩሺም» የሚለው ማስታወቂያ ከአጥሩ ላይ አይወርድም። ሐራት ይፈልጋሉ፣ እኛ የቶርኖ ሠራተኛ የምንለውን። ካርሳም ይፈልጋሉ፣ የፍሬሳ ሠራተኛ ማለት ነው። ራታኽ፣ ማለትም በያጅ፣ ይፈልጋሉ። የሲኤንሲ ማሽን የሚያውቅ፣ የተበላሸ የሚጠግን ይፈልጋሉ። ለምን ጠፋ ብትሏቸው «የዛሬ ልጅ በእጁ መሥራት አይወድም» ይሏችኋል።

እኔ በዚህ ቀጠና በአንድ የብረታ ብረት ምፍዓል ከ1987 እስከ 2018 ሠርቻለሁ፣ 31 ዓመት መሆኑ ነው። ይህ መልስ ግማሽ መልስ ነው። የባለ እጅ እጥረት እንደ ድርቅ ከሰማይ አይመጣም፣ ሰው ነው የሚያመጣው። ባለ ሙያ የሚጠፋው ሙያው ሲናቅና የሚያስተምር ሲታጣ ነው። የእኛ ሕዝብ ይህን ሁለት ጊዜ አይቶታል፣ አንዴ በጎንደር፣ አንዴ እዚህ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ፤ የኢትዮጵያውን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።

ብረት በአገር ቤት የማን ነበር

ቤተ እስራኤል ከመጀመሪያውም ቀጥቃጭ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። አርሶ የሚበላ ሕዝብ ነበር። ከ1414 እስከ 1429 የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ አባቶቻችንን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ብለው እንዳወጁ በታሪክ ይነገራል። ነገሩ በአንድ ቀን አልተፈጸመም፤ ጦርነቱም መነቀሉም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀጥሏል። መጨረሻው ግን ያው ነው። ርስት የሌለው ሰው በሰው መሬት ጭሰኛ ይሆናል፣ ጭሰኝነቱ አላበቃ ሲለው በእጁ ያድራል። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቷ ሸክላ ሠራች።

ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ደግሞ የእኛ ሰዎች በግንበኝነትና በአናጢነት ተቀጥረዋል። በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ስለ ቤት ሠሪነታቸውና ስለ ሸክላ ሥራቸው ጽፏል። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ ፎቶ የምታነሱት የጎንደር ግንብ የእነሱም እጅ አለበት።

አሁን ሙያው እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀርባችኋል። የአባቴ ጎጆ ከመንደሩ ዳር ነበረች። መሬቱ ውስጥ ምድጃ አለ፣ ከጎኑ ሁለት ወናፍ። ወናፍ ከፍየል ቆዳ የሚሠራ ነው፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይሞላል፣ ነፋሱ እንዳይቋረጥ። ልጅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ወናፍ ላይ ተቀመጥኩ። ወናፍ መንፋት ለልጅ የተተወ ቀላል ሥራ ይመስላል እንጂ ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። እሳቱ መቼ ነጭ እንደሚሆን፣ ብረቱ መቼ ሊነድ እንደሚደርስ የምታየው ከዚያ ተቀምጠህ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ትልቁን መዶሻ ትይዛለህ። አባቴ ትኩሱን ብረት በጉጠት ይዞ መስፍ ላይ ያስቀምጣል፣ በትንሽ መዶሻ ጠቅ አድርጎ ቦታውን ያሳያል፣ እኔ እዚያው ላይ በትልቁ እመታለሁ። አይናገርም። ትንሿ መዶሻ ናት የምታስተምረው።

የመጨረሻው ትምህርት ውሃ ማጠጣት ነው። መጥረቢያ ተቀጥቅጦ ሲያልቅ ይግላል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይጠነክራል። ነገር ግን በዚያው ከተውከው እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስለዚህ በሞረድ አብርተህ ቀስ ብለህ ታሞቀዋለህ፣ ቀለሙንም ታያለህ። መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያመጣል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል። ለየትኛው ዕቃ በየትኛው ቀለም ላይ ማቆም እንዳለብህ ማወቅ፣ እሱ ነው ቀጥቃጭነት። ብረቱ በእኔ ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይገኝ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ዶማ፣ ቢላዋ፤ በወረዳው ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያርሰውና የሚያጭደው በእኛ እጅ ሥራ ነው።

እናቴም እንዲሁ። የሸክላ መዘውር አልነበራትም፤ ጭቃውን በእጇ እየጠቀለለች፣ በመዳፏ እያቆመች እንስራውን ታስነሳዋለች። ጭቃው ውስጥ ምን ያህል የተፈጨ ገል እንደሚገባ በጣቷ ትለካለች። ቢበዛ ይፈረፍራል፣ ቢያንስ እሳት ላይ ይሰነጠቃል።

ክፍያው በእህል ነበር፣ በመኸር። ስድቡ ግን ዓመቱን ሙሉ ነበር። ቡዳ ይሉናል። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይላሉ። ማረሻውን ሊያሠራ የመጣ ገበሬ ልጁን ከኋላው ይደብቃል፣ ዓይናችን እንዳያርፍበት። እርግጥ ነው፣ እኛም በበኩላችን በመንጻት ሥርዓታችን ምክንያት ከእነሱ ጋር አንበላም፣ አንነካካም ነበር። ቢሆንም ያለ እኛ ማረስ የማይችል ሰው እኛን ሲፈራና ሲንቅ መኖሩን ልብ በሉልኝ።

ነገሥታቱ ባለ እጅ ሲፈልጉ

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ቤተ መንግሥቱ ባለ እጅ አጥቶ ይጨነቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የሚያፈስ፣ ጠመንጃ የሚጠግን፣ መንገድ የሚያወጣ ሰው ፈለጉ። በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ከዚያ የተነሣ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡትን የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለ እጆች መድፍ ካልሠራችሁ ብለው አስገደዷቸው፤ በ1867 «ሴባስቶፖል» የተባለው 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከዚያ ወጣ።

ያም አልበቃቸውም። በ1866 ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ባለ እጆች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ይህ ፍላድ ማን ነው? አባቶቻችንን ለማስጠመቅ ከመጡት አንዱ ነው። ከእንግሊዝ የተቀጠሩት ባለ እጆች ምጽዋ ድረስ መጥተው ተቀመጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ንጉሡ ሳይደርሱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ነው። በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ ሁሉም ነገር አበቃ።

አስቡት እንግዲህ። ንጉሡ ባሕር ተሻግሮ ብረት ሠሪ ይለምናል። ከጋፋት የጥቂት ቀን መንገድ ርቆ፣ በደንቢያና በወገራ፣ ለትውልድ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሕዝብ ጅብ ይሆናል ተብሎ ከመንደር ዳር ተቀምጧል። የእኛ አባቶች መድፍ ማፍሰስ ይችሉ ነበር አልልም፤ አይችሉም ነበር። እሳትንና ብረትን ግን ያውቃሉ፤ ከሚያውቅ ሰው ላይ መጨመር ደግሞ ከባዶ ከመጀመር ይቀላል። ያንን ዕውቀት ወስዶ፣ አክብሮ፣ ከፈረንጁ ጋር አገናኝቶ የሚያሳድግ ትምህርት ቤት ቢኖር ኖሮ የት ይደረስ ነበር? የተናቀ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ከፍ ግን አይልም። ማን ገንዘብ ያፈስበታል? ማን ይጽፈዋል?

ዐፄ ምኒልክ ይህን ተረድተዋል። በ1908፣ በኢትዮጵያ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አወጡ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን መስደብ ክልክል ሆነ። ነገር ግን ስድብ በአዋጅ አይጠፋም። እኔ ከአዋጁ አምሳ ዓመት በኋላ ወናፍ ላይ ተቀምጬ ስሰደብ አድጌያለሁ።

የሚገርመው፣ መሬት ስናገኝ ምን እንዳደረግን ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የገጠር መሬት አዋጅ ሲያወጣ ለቤተሰባችንም መሬት ደረሰ። እኔ ያኔ 24 ዓመቴ ነበር። ታናናሽ ወንድሞቼ ወደ ወናፉ ዞር ብለው አላዩም። ማን ይፈርድባቸዋል? ማረሻ ከሚሠራ ሰው ማረሻ የሚይዝ ሰው ይከበራል። ኦርት የተባለው ድርጅት፣ በ1880 በሩሲያ ለአይሁድ ድሆች ሙያ ለማስተማር የተመሠረተው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ጎንደር ድረስ መጥቶ መንደሮቻችን ውስጥ ሠርቶ ነበር፤ በ1981 ግን መንግሥት አስወጣው።

በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሙያ

እኛ በሱዳን በኩል በ1984 መጨረሻ ገባን፣ ዘመቻ ሙሴ በሚባለው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ መጣ። በደረስን ጊዜ ሁላችንም ተመዘገብን። ስም፣ ዕድሜ፣ ስንት ዓመት ተማርክ፣ ሙያ። አባቴ ለመዝጋቢው ጸሐፊ «ገበሬ» አለ። ቀጥቃጭ ነኝ ለማለት አፉ አልታዘዘውም፤ ያ ቃል ለእሱ ስሙ ሳይሆን ስድቡ ነበር። ጸሐፊው ትምህርት ቤት አለመግባቱን አየና «ብሊ ሚክጾዓ» ብሎ ጻፈ። ሙያ የሌለው ማለት ነው። ብረት በቀለሙ የሚያነበው ሰው፣ ጭቃ በጣቷ የምትለካው ሴት፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ሙያ የላቸውም ተባሉ። እንዲህ የተጻፈባቸው እነሱ ብቻ አይደሉም፤ የእያንዳንዳችሁን አያቶች ብትጠይቁ ተመሳሳይ ነገር ትሰማላችሁ።

እኔ በምፍዓሉ የጀመርኩት በመጥረጊያ ነው፣ ቀጥሎ ወደ መጋዝ፣ ቀጥሎ ወደ ፕሬስ ተዛወርኩ። እዚያ አንድ ጓደኛ አገኘሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ ሐራት ነው፣ በአገሩ የተማረ፣ ወረቀት ያለው። አንድ ቀን የብረት መሮ ተሰበረብንና አዲስ እስኪመጣ አሮጌውን በጋዝ እሳት አግዬ ውሃ አጠጣሁት፣ አበራሁት፣ እንደገና አሙቄ ወይን ጠጅ ሲሆን አቆምኩት። ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የነበረ አንድ ሰንጠረዥ አወጣ። የገለባ ቀለም 230 ዲግሪ፣ ወይን ጠጅ 280፣ ሰማያዊ 300 ይላል። አባቴ በዓይኑ የሚያውቀው ሁሉ በቁጥር ተጽፎ አየሁት። «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። «አባትህ መሐንዲስ ነበር?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶርኖውን በምሳ ሰዓት ያሳየኝ ነበር። ማይክሮሜትር ማንበብ፣ የመቁረጫውን ማዕዘን መሞረድ፣ ማሽኑ ሲጨነቅ ድምፁን መስማት። የሐራት ኩርስ እንዲልኩኝ አለቆቹን ጠየቅኩ። 12 ዓመት የተማረ ብቻ ነው የምንልከው ተባልኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ጠየቅኩ፣ ያው መልስ። ያ ጓደኛዬ በጡረታ ሲወጣ በእሱ ቦታ የሚቆም ሰው ለብዙ ወራት ፈለጉ፣ አላገኙም። ማሽኑ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔ ከዚያ ማሽን አምስት ሜትር ርቄ ፕሬስ እጫን ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ለሐሜት አይደለም። «ሰው ጠፋ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንድታውቁ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው አለ፣ ከሙያው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው የሌለው።

ድልድዩ እንዴት ፈረሰ

ድልድይ ነበር እኮ። እስራኤል በ1953 የለማጅ ሠራተኞችን ሕግ አውጥታለች። ወጣቱ በፋብሪካ ከባለ ሙያ ሥር እየሠራ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ በሙያ ትምህርት መስመር ላይ ነበሩ። የዚህ ሸለቆ ፋብሪካዎችና የኪቡጽ ወርክሾፖች ባለ እጅ ያገኙ የነበረው ከዚያ ነው።

ነገር ግን ማን ነበር ወደዚያ መስመር የሚላከው? በብዛት ከሞሮኮ፣ ከኢራቅ፣ ከየመን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፣ በልማት ከተሞች የሚኖሩት። ጎበዝ ከሆነ ወደ ባግሩት፣ ካልሆነ ወደ ሙያ የሚል ልማድ ነበር። ማን ጎበዝ እንደሆነ ደግሞ ገና ሳይታይ የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰዎች ተቃወሙ፣ ትክክልም ነበሩ። ቀጥሎ እኛ መጣን። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከልጆቻችን አብዛኞቹ በዓሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ገቡ፣ ብዙዎቹም ወደ ሙያ ክፍል። ወንዱ መካኒክ፣ ሴቷ ስፌት። ባግሩት የሌለው ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ያን ጊዜ ወላጆች ጮኹ፤ ልጄን ለእጅ ሥራ አልወለድኩም አሉ። የሚጮኹት ደግሞ ቀጥቃጭ ተብለው የተሰደቡ ሰዎች ናቸው፤ ስድቡ ባሕር ተሻግሮ የተከተላቸው መሰላቸው።

አገሪቱ ለዚህ ቅሬታ የሰጠችው መልስ የሙያ ትምህርቱን ማሻሻልና ማክበር መሆን ነበረበት። የሆነው ግን በአብዛኛው ማጥበብ ነው። ወርክሾፖች ተዘጉ፣ አስተማሪዎች በጡረታ ሲወጡ የሚተካቸው አልመጣም።

እጥረቱ ወዲያው ለምን አልታየም? በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ስለመጣ ነው። ከእነሱ ውስጥ ሺዎች መሐንዲስ፣ ቴክኒሽያን፣ ሐራት፣ በያጅ ነበሩ፤ ሌላ አገር ከፍሎ ያስተማራቸው። ፋብሪካው ሳያስተምር ባለ ሙያ አገኘ፣ ማስተማርንም ረሳ። ዛሬ እነዚያ ሰዎች ሽማግሎች ናቸው። እንደ ጓደኛዬ አንድ በአንድ ቱታቸውን አውልቀው ይወጣሉ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ማስታወቂያው ላይ የማይጻፍ። በዚያው ዘመን ብዙ ፋብሪካ ሠራተኛውን በራሱ ስም መቅጠር ትቶ በኮአሕ አዳም ድርጅት በኩል ማምጣት ጀመረ። በ1996 ለዚህ ሕግ ወጣለት፤ በኋላም በዚህ መንገድ የመጣ ሠራተኛ ዘጠኝ ወር ሲሞላው የፋብሪካው ሠራተኛ እንዲሆን ሕጉ ተሻሻለ። ብዙ ሰው ዘጠኙ ወር ሳይሞላ ይሰናበት እንደነበር ከእኔ ጋር የሠሩ ሁሉ ያውቁታል። አባቴ ሰባት ዓመት ወናፍ ላይ አስቀምጦኛል። በስምንተኛው ወር ለሚሄድ ሰው ማን ቶርኖ ያስተምራል? ሰውየውስ ነገ ለማያገኘው ሥራ ለምን ይደክማል?

ከጥቅምት 7 ቀን 2023 በኋላ ደግሞ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ወጣቶቹ ለሚሉኢም ተጠሩ። ከጦርነቱ በፊት በእስራኤል ይሠሩ የነበሩ ከመቶ ሺህ በላይ ፍልስጥኤማውያን፣ አብዛኞቹ በግንባታ፣ መግባት ቀረ። መንግሥት ከሕንድና ከሌሎች አገሮች ሠራተኛ ለማምጣት ተሯሯጠ። ለሥራ የመጣን ሰው አልነቅፍም፤ እኔም መጤ ነኝ። ግን የቴዎድሮስን ደብዳቤ አስታወሰኝ። ባሕር ማዶ ከመጻፍ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን እጅ ማየት ይቀድማል።

ስለ ልጅ ልጄ

ይህ ሁሉ ታሪክ አምና ቤቴ ገባ። የልጄ ልጅ ከሠራዊት ወጥቶ፣ ሚሉኢሙንም ጨርሶ፣ በማሃት ሥር ከሚሰጠው ትምህርት የማሽን ሃንደሳይ ልማር አለ። እናቱ፣ ልጄ ማለት ነው፣ አለቀሰች። ጠበቃ እንዲሆን ነበር የምትፈልገው። እሷ በ14 ዓመቷ ፕኒሚያ ገብታ፣ ሒሳብ እየወደደች፣ የስፌት ክፍል የተቀመጠች ልጅ ናት። ከዚያ ወጥታ ባግሩቷን በማታ ትምህርት የጨረሰች፣ ዛሬ ነርስ ናት። «እኔ ከዚያ ጉድጓድ በጥፍሬ ቧጥጬ ወጣሁ፣ እሱ በእግሩ ሄዶ ይገባል?» አለችኝ። መልስ አላጣሁም፤ ግን ንግግሯ እውነት ስለነበረ ቶሎ አልመለስኩላትም።

ልጁ ደግሞ የራሱ እውነት አለው። «ሳባ፣ እኔን ማንም አልላከኝም፣ ራሴ ነው የመረጥኩት» አለ።

ሁለቱን አስቀምጬ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ አልኩ። አንደኛ፣ የሚያስተምረው ማን ነው? እውነተኛ ማሽን ያለበት ቦታ ነው ወይስ ወረቀት ብቻ? ሁለተኛ፣ ሲጨርስ በማን ስም ይቀጠራል፣ በፋብሪካው ወይስ በኮአሕ አዳም? ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣበት በር አለ ወይ? ሃንደሳይ ሆኖ መሐንዲስ መሆን ቢፈልግ ይቆጠርለታል ወይስ እንደ እናቱ ከባዶ ይጀምራል? ሄደው ጠየቁ። እናቱ ራሷ አብራው ሄዳ የማሽኑን ክፍል በዓይኗ አየች፣ አስተማሪዎቹን በጥያቄ አፋጠጠች። አሁን ሁለተኛ ሰሚስተር ላይ ነው። እሷ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላትም። እኔም አልጫናትም፤ ሥጋቷ ዕድሜ ልክ የተከፈለበት ነው።

እናንተም ስትመርጡ እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። ጠበቃም፣ ሐኪምም፣ ፕሮግራመርም ሁኑ፤ ደስታዬ ነው። ማንም ግን፣ አስተማሪም ሆነ ዘመድ፣ ለአንተ የሚሆነው የእጅ ሥራ ነው ብሎ ከፈተናው በፊት ቢወስንላችሁ እምቢ በሉ። እንዲሁም ማንም የእጅ ሥራ ውርደት ነው ቢላችሁ አትስሙት። ሁለቱ ንግግሮች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እጅ ያለ ጭንቅላት የሚሠራ ይመስላቸዋል። ኦሪት ስለ ማደሪያው ድንኳን ስትነግረን ባስልኤልን የምታስተዋውቀው የጥበብና የማስተዋል መንፈስ የተሞላ ሰው ብላ ነው። ሥራው ደግሞ ወርቅ፣ ብርና ናስ መሥራት፣ ዕንቁ መቅረጽና እንጨት መጥረብ ነበር።

ፋብሪካዎቹም ቢሰሙኝ የምላቸው አለኝ። ባለ እጅ አይገዛም፣ ይሠራል። ጊዜ ይፈልጋል፣ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ከጎኑ ቆሞ በትንሿ መዶሻ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል። ከአፉላ በላይ ያለው ኮረብታ ጊቭዓት ሃሞሬ ይባላል፤ ሞሬ በዕብራይስጥ አስተማሪ ማለት ነው። ከኮረብታው ሥር ባሉት አዳራሾች ዛሬ ከሁሉ በላይ የጎደለው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። አያቶቻችሁ ቤት ስትሄዱ እጃቸው ምን ያውቅ እንደነበር ጠይቋቸው። ጸሐፊው ያልጠየቀውን እናንተ ጠይቁ። መጀመሪያ «ምንም አላውቅም» ይሏችኋል፤ አትመኗቸው፣ ደግማችሁ ጠይቁ። ስልካችሁን አውጡና የሚሉትን ቅዱ፣ የዕቃዎቹን ስም በአማርኛም በትግርኛም ጻፉ። እኔ የማውቃቸውን እነሆ፦ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ባሌስትራ፤ በእናቴ በኩል ገል፣ እንስራ፣ ምጣድ፣ ጀበና። ልጆቻችሁ ፊት ሳታፍሩ በስማቸው ጥሯቸው። እጃችሁ ይባረክ።